መክሊት በእርጅና

ሰው ከሸበተ በኋላ ጥበብ አይማርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ወይዘሮ አና ሜሪ ሞዝስ ግን በ1860 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ግዛት ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወልደው፣ ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በሰው ቤት አገለገሉ። ካገቡም በኋላ 10 ልጆች ወልደው 5ቱን በሕፃንነታቸው በሞት ተነጠቁ። በስተርጅና እጃቸው ታሞ የጥልፍ መርፌ መያዝ ቢሳናቸው፣ ዕድሜያቸው ወደ 80 ሲቃረብ የሥዕል ብሩሽ አነሡ። አስተማሪ ሳይኖራቸው የሚያውቁትን እርሻና በረዶ እያሰቡ ሣሉ። በ1940 ሥዕሎቻቸው በኒው ዮርክ ከተማ ለሕዝብ ታዩ፤ በ1961 በ101 ዓመታቸው እስኪያርፉም ከ1,500 የሚበልጡ ሥዕሎች ሠሩ።

እኛስ ጊዜው አልፏል እያልን መክሊታችንን ስለ ምን እንቀብራለን? ባለ ወይኑ በ11ኛው ሰዓት የመጡትን ሠራተኞች ደመወዛቸውን አልነሣቸውም። እንግዲህ ሥዕልም ሆነ ንባብ ወይም ዜማ ለመማር ሽበታችንን ምክንያት አናድርግ።