የመጀመሪያው ሸክላ፤ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ታሪክ

ዘፈን ወዳድ መሆኔን የክፍሌ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። በከተማችን በደልጊ በሻይ ቤት ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር፥ ዘፋኙ ምን እንደ ለበሰ፥ እስክስታውን እንዴት እንደ መታ፥ ፊልሙም የት ተራራ ላይ እንደ ተነሣ እያነሣን እንከራከራለን። ስለ ድምፁ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ስለዚህ ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንድ ዝነኛ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ በቴሌቪዥን ሲዘፍኑ ማንም ያላያቸውን ሰው መረጥሁ። እርሳቸውም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በምንጃር ተወለዱ። በወጣትነታቸውም ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተጠጉ። እጃቸው ለሥራ፥ አንደበታቸው ለግጥም የፈጠነ ሰው ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገቡ። ከነዚሁም አንዱን ያመጣው አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ነበረ። መኪና ያለ ነጂና ያለ ጠጋኝ ከንቱ ስለ ሆነ፥ ይህን ሙያ ተምረው እንዲመለሱ ተሰማ ከሆልትዝ ጋር ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። ልብ በሉ፤ የተላኩት ለመኪና እንጂ ለዘፈን አልነበረም።

ነገር ግን ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ከመኪናው ይልቅ በዘፈናቸው ነው። ጀርመን አገር ሳሉ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፥ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረፁ። ሸክላዎቹም 17 እንደ ነበሩ ይነገራል። በእርግጥ ከእርሳቸው በፊት የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ድምፅ በሰም ላይ ተቀርፆ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ተልኮ ነበር። ያ ግን መልእክት እንጂ ዘፈን አይደለም። ዘፈኑን በሸክላ ያስቀረፀ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሰማ ናቸው።

በዚያን ዘመን ሸክላ የሚቀረፅበት አሠራር የሚያስደንቅ ነው። ማይክሮፎን አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ መቅረፅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ዘፋኙ አፉን ወደ አንድ ትልቅ መለከት መሰል ቀንድ አስጠግቶ ይዘፍናል፤ የድምፁ ኃይል ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑም መርፌውን እየነዳ ሰሙን ያስጭራል። አንዱ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ነው። ዘፋኙ ከተሳሳተ ሰሙ ይበላሻል፤ በአዲስ ሰም እንደ ገና መጀመር ነው። የዛሬ ዘፋኝ ድምፁ ቢሰበር ማሽን ያቃናለታል።

እስቲ አስቡት፤ በእኛ አገር ዘፈን የብቻ ሥራ አይደለም። በሠርግ ላይ እንግዳው ተቀበል እያለ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል፤ ጨዋታውም ከሌሊቱ እኩሌታ ያልፋል። ተሰማ ግን በሰው አገር ተቀበል የሚል ወገን፥ እልል የምትል ሴት በሌለበት ለቆርቆሮ ቀንድ ዘፈኑ። ለእኔ ይህ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ከመዘፈን ይከብዳል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ሆኑ። የነጋዴዎችና የቀረጥ ሹም የሚያሰኘውን የነጋድራስነት ማዕረግም አገኙ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፥ ወዳጅነቱ እርሳቸውንም ይዞ ወደቀ። በእኛ ሰፈር ሽማግሎች ዘፈን ሰውን ያዋርዳል ይላሉ፤ አዝማሪን እያጨበጨቡለት ይንቁታል። እኔም ዘፋኝ ልሁን ብዬ በቤታችን ያስከተልሁትን ጩኸት አልረሳውም። ተሰማን የጣለው ግን ሹመቱ ነው፤ ዘፈኑማ ይኸው እስከ ዛሬ አልወደቀም።

ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለደ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫውቶ፥ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። ኳስ ወዳዶች አባቱን ሳያውቁ ልጁን ያውቃሉ። ነጋድራስ ተሰማ ያረፉት በ1957 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት መሆኑ ያስቈጨኛል።

ሸክላ በቀላሉ የሚሰበር ነገር ነው። ሆኖም ከነዚያ ሸክላዎች የተረፉት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተሰብስበው፥ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም እንደ ገና ታተሙ። እኔም በስልኬ ሰማኋቸው። መጀመሪያ የሚሰማው በምጣድ ላይ ገብስ ሲቈላ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ ጆሮ ሲለምደው ግን ከሥሩ የሰው ድምፅ ይወጣል።

ይህን ስሰማ ትዝ ያሉኝ አንድ የአገራችን ሽማግሌ አዝማሪ ናቸው። በአካባቢያችን እርሳቸው ያልተጫወቱበት ሠርግ ጥቂት ነው። ባለፈው ክረምት ዐረፉ። በእኅቴ ሠርግ ስልኬን ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ቀርጫለሁ፤ የቀረፅሁት ግን ሙሽራዋንና ጨፋሪዎቹን ነው። ከእርሳቸው የቀረልኝ የማሲንቆው ጫፍና ዘጠኝ ሴኮንድ የሚሆን ግማሽ ስንኝ ነው፤ ያውም ጭብጨባ ሸፍኖታል።