ኢብኑል ሀይሠም፦ አልተቻለም ያለው ሊቅ



ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ የተጋረደች ዕለት፣ ከሚሴ ቤታችን በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ገብታ ግድግዳ ላይ የምታርፈው ክብ ብርሃን ማጭድ መሰለች። ምክንያቱ የገባኝ ግቢ ገብቼ ስለ ኢብኑል ሀይሠም ሳነብ ነው።

ይህ ዓሊም በ965 እ.ኤ.አ. በኢራቋ ባስራ ተወለደ። አል-ቂፍጢ እንደዘገበው፣ የአባይን ውሃ መቆጣጠር ይቻላል ማለቱን የሰማው የግብፁ ገዥ አል-ሓኪም አስጠራው። አስዋን አካባቢ ደርሶ ቦታውን ሲያይ ግን ሐሳቡ እንደማይሠራ ተረዳ፤ ተመልሶም ይህንኑ ተናገረ። ኋላ የገዥውን ቁጣ ፈርቶ እብድ መሰለ፤ አል-ሓኪም በ1021 እስኪሞት ከቤት አልወጣም።

ኪታቡል መናዚር የተባለው ባለ ሰባት ክፍል ሥራው፣ የምናየው ጨረር ከዓይን ወጥቶ ሳይሆን ብርሃን ወደ ዓይን ገብቶ መሆኑን ያስረዳል። የቀደሙት ስላሉት ብቻ አልተቀበለም፤ በጨለማ ክፍል እየሞከረ አጣራ። በግርዶሽ ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ የሚታየው ማጭድ የፀሐይዋ ምስል መሆኑንም ለብቻው ጽፎበታል። ካይሮ ውስጥ መጻሕፍት እየገለበጠ ኖሮ በ1040 አካባቢ አረፈ፤ አላህ ይዘንለት።

ወንድሞችና እህቶች፣ ላብራቶሪ ውስጥ ቁጥሩ እምቢ ሲለን ከማኑዋሉ ጋር የምናስማማ ስንቶቻችን ነን? እኔም አድርጌዋለሁ። እርሱ በገዥ ፊት አልተቻለም አለ፤ እኛ አምስት ማርክ እንፈራለን። ዒልም አማና ነው።