ኤድዋርድ ባርናርድና የሰማይ ጥቋቁር ደመናዎች

ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ እሱ ከመወለዱ በፊት ስለ ሞተ በእናቱ እጅ በድህነት አደገ። ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ወር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ማንበብ ያስተማረችው እናቱ ነበረች። በ9 ዓመቱ በፎቶግራፍ ቤት ተቀጥሮ የሥዕል ማጉያውን መሣሪያ ከፀሐይ ጋር እያዞረ ይውል ነበር። ብርሃንን በትዕግሥት መከታተልን የለመደው ምናልባት በዚያ ይሆናል።

ከጊዜ በኋላ ጅራታም ከዋክብትን እያገኘ በተሸለመው ገንዘብ ቤት ሠራ። በ1892 ዓ.ም. አምስተኛዋን የጁፒተር ጨረቃ በማግኘቱ ስሙ በዓለም ታወቀ። ዕድሜውን የበላው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

በፍኖተ ሐሊብ ላይ ኮከብ የማይታይባቸው ጥቋቁር ሥፍራዎች አሉ። ብዙ ሊቃውንት ባዶ ቀዳዳዎች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር፤ ባርናርድም በመጀመሪያ ከዚህ አሳብ አልራቀም። ይሠራበት ከነበረው ከየርክስ የከዋክብት መመልከቻ ደቡባዊው ሰማይ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ፣ በ1905 ዓ.ም. የፎቶግራፍ መሣሪያውን ወደ ካሊፎርኒያ ተራራ ይዞ ሄደ። ለናይሮቢ ነዋሪ ይህ ሁሉ ድካም አያሻውም፤ ከተማዋ በምድር ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ ያው የሰማይ ክፍል ከፍ ብሎ ያልፍባታል።

በ1913 ዓ.ም. በአንድ የበጋ ሌሊት፣ ትንንሽ የምድራችን ደመናዎች በፍኖተ ሐሊብ ፊት እንደ ቀለም ጠብታ ጠቁረው ተመለከተ። ከዚያ ወዲህ ጥቁሮቹ ሥፍራዎች ብርሃን የሚጋርዱ አካላት ናቸው የሚለው አሳብ በረታበት። በ1919 ዓ.ም. 182 ያህሉን በቁጥር መዝግቦ አሳተመ። በ1923 ዓ.ም. ሲሞት የፎቶግራፍ መድበሉ ገና አልታተመም ነበር፤ የወጣው በ1927 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ እነዚህ ደመናዎች ከሞለኪውሎችና ከአቧራ የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል። የደመናው ርቀትና በሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋት ከታወቁ ትክክለኛ መጠኑ ይሰላል። መጠነ ቁሱን ለማግኘት ደግሞ ከበስተኋላው ያሉ ከዋክብት ብርሃን ምን ያህል እንደ ቀላና እንደ ደከመ ይለካል፤ ከዚህ የአቧራው ብዛት ይገኛል። ጋዙም የአቧራውን መቶ እጥፍ ገደማ ነው።

በባርናርድ መዝገብ 68ኛው ደመና በዚህ ዘዴ ተለክቶ ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ታተመ። ስፋቱ ግማሽ የብርሃን ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ መጠነ ቁሱም የፀሐይን ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የራሱ ስበት ወደ ውስጥ ይጨብጠዋል፤ የጋዙ ግፊት ወደ ውጭ ይገፋዋል።