ሂራም ፐርሲ ማክሲም፤ የጠመንጃን ጩኸት ዝም ያሰኘው መሐንዲስ

ከታላቅ አባት የተወለደ ልጅ ከሁለት ዕድሎች አንዱ ይገጥመዋል፤ ወይ በአባቱ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ይቀራል፤ ወይም በገዛ ድካሙ የራሱን ስም ይተክላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ሁለተኛውን መንገድ ከያዙት ወገን ነው። አባቱ ምድርን የሚያናውጥ መሣሪያ ሠርቶ ሲከብር፣ ልጁ ደግሞ የጠመንጃን ጩኸት የሚያፍን መሣሪያ ሠርቶ ታወቀ። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፐርሲ ማክሲም መስከረም 2 ቀን 1869 በኒውዮርክ አጠገብ በብሩክሊን ተወለደ። አባቱ ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በ1881 ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በኋላም በሎንዶን ተቀመጠ። በዚያም በ1884 በደቂቃ 600 ያህል ጥይት የሚተፋውን መትረየስ ፈለሰፈ። ያ መትረየስ በ1898 በጎረቤታችን በሱዳን፣ በኦምዱርማን ሜዳ፣ ስንት ሺህ ሰው እንደ ፈጀ ታሪክ መዝግቦታል። አባትየው በ1901 የሰርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በተኩስ መካከል በመኖሩ ጆሮው ደነቆረ። ሚስቱና ልጆቹ በአሜሪካ ስለ ቀሩ፣ ፐርሲ የአባቱን ዝና በወሬ እየሰማ ያደገ ልጅ ነበር።

ፐርሲ ገና በ17 ዓመቱ፣ በ1886፣ ያን ጊዜ በቦስተን ይገኝ ከነበረው ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያም በሊን ከተማ በአንድ የጥይት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በትርፍ ጊዜው በቤንዚን የሚነዳ ሞተር ለመሥራት ይደክም ጀመር። ይህን ሞተር በባለ ሦስት እግር ብስክሌት ላይ አስሮ ስለ ሞከረ፣ በ1895 በሃርትፎርድ ከተማ የሚገኘው የፖፕ ኩባንያ ወደ አውቶሞቢል ሥራው ወሰደው። በ1898 የሜሪላንድ አገረ ገዥ የነበሩትን የሚስተር ሃሚልተንን ልጅ ጆሴፊንን አገባ። በ1899 ደግሞ በኮነቲከት ግዛት በብራንፎርድ በተደረገው የአውቶሞቢል እሽቅድምድም አሸነፈ።

ጩኸትን ማፈን የሚለው አሳብ የመጣለት እንደሚከተለው እንደ ሆነ ራሱ ተርኳል። አንድ ቀን ገላውን ታጥቦ ሲወጣ፣ ውሃው በመፍሰሻው ቀዳዳ ላይ እየተሽከረከረ በዝግታ ሲወርድ ተመለከተ። ውሃ በመሽከርከሩ መውጫው ከዘገየ፣ ከጠመንጃ አፈሙዝ ፈንድቶ የሚወጣው የባሩድ ጋዝም በመሽከርከር ሊዘገይ ይችላል ብሎ አሰበ። የተኩስ ጩኸት ዋናው ምክንያት ይህ ጋዝ ነውና፤ ታፍኖ የነበረው ትኩስ ጋዝ ባንድ ጊዜ አየርን ሲመታ ድምፁ እንደ ነጐድጓድ ይሰማል። እየበረደና እየዘገየ በጥቂት በጥቂቱ ከወጣ ግን ጩኸቱ ይቀንሳል። መጋቢት 30 ቀን 1909 የፈጠራው ባለመብትነት ተረጋገጠለትና በሃርትፎርድ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ መሸጥ ጀመረ።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን ገዝተው ፍጹም ጸጥታ የጠበቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ አዘኑ። ማፈኛው በጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ ተገጥሞ ሳለ፣ የጅራፍ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ከሜዳው ይሰማ ነበር። ምክንያቱም ተኩስ ሁለት ድምፅ አለው፤ አንደኛው ከአፈሙዝ የሚወጣው የጋዙ ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው አረሩ ራሱ በአየር ውስጥ ሲሄድ የሚያሰማው ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። አረር ከዚህ ፍጥነት ካለፈ አየርን እየሰነጠቀ ይጮኻል፤ ይህንንም የኦስትሪያው ሊቅ ኤርንስት ማክ በፎቶግራፍ አንሥቶ በ1887 ለዓለም አሳይቶት ነበር። ማፈኛው በአፈሙዝ ላይ ተቀምጦ የሚያፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ የወጣውን አረር ሊከተለው አይችልም።

ስለዚህ ጸጥ ያለ ጠመንጃ የፈለገ ሰው ከማፈኛው አስቀድሞ ጥይቱን መምረጥ ነበረበት። ማክሲምም ይህን ከደንበኞቹ አልሸሸገም፤ ፈጣን አረር በሚተኩስ ጠመንጃ ላይ ማፈኛው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በጽሑፍ ገልጿል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1906 የያዘው የስፕሪንግፊልድ ጥይት አረሩን በሴኮንድ 820 ሜትር ያህል ይወረውራል። በእንዲህ ያለው ጠመንጃ ማፈኛው የአፈሙዙን ጩኸትና ብልጭታ፣ ትከሻንም የሚመታውን ኀይል ያሳንሳል፤ የአረሩ ጩኸት ግን እንዳለ ይቀራል።

በእርሻው ዙሪያ አይጥንና ጥንቸልን፣ ቁራንም ለሚከላከል ገበሬ ግን ከ1887 ጀምሮ የታወቀች አንዲት ትንሽ ጥይት ነበረች። ስፋቷ 5.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአሜሪካኖች አቆጣጠር ባለ 22 ሎንግ ራይፍል ትባላለች። የአረሯ ክብደት 2.6 ግራም ያህል ነው። በዝግታ እንዲሄድ የተሰናዳው ዓይነት በሴኮንድ 320 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከድምፅ በታች ይሆናል፤ ማፈኛም ሲጨመርበት እጅግ ጸጥ ይላል። ነገር ግን በዚሁ ስም የምትሸጥ ፈጣን ዓይነትም አለችና በሴኮንድ 380 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። የጠመንጃው ስፋት ብቻ ጸጥታን አያስገኝም፤ በጥይቱ ሣጥን ላይ የተጻፈውንም ፍጥነት ማንበብ ያስፈልጋል። የአየሩም ሙቀት ከዚህ ውስጥ ይገባል፤ ድምፅ በዜሮ ዲግሪ በሴኮንድ 331 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ ግን 349 ሜትር ስለሚሄድ፣ በቀትር ጸጥ ያለ ጥይት በብርዳም ማለዳ ሊጮኽ ይችላል።

ጸጥታም ዋጋ አለው። አረር ከድምፅ እንዳይፈጥን ከተወሰነ፣ ኀይሉን ለመጨመር የሚቀረው መንገድ ክብደቱን መጨመር ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ አረር ከአፈሙዝ ስትወጣ ኀይሏ 130 ጁል ገደማ ነው። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጀምሮ የታወቀው ባለ 45 የሽጉጥ ጥይት ግን በሴኮንድ 255 ሜትር ብቻ እየሄደ፣ አረሩ 15 ግራም ያህል በመሆኑ 490 ጁል ገደማ ኀይል አለው። በ2011 ደረጃው የጸደቀለት ባለ 300 ብላክአውት የሚባለው ጥይትም፣ በከባድ አረር ሲሰናዳ፣ ይህንኑ ጥንታዊ ሒሳብ ይከተላል፤ 14 ግራም የሚመዝነውን አረር በሴኮንድ 310 ሜትር ያህል በመወርወር ወደ 680 ጁል ይደርሳል። ስለዚህ ለአይጥና ለጥንቸል ትንሿ ስትበቃ፣ ከፍ ላለ አውሬ ከባድ አረር ያስፈልጋል። በማይመጥን ጥይት ተመትቶ ቆስሎ የሚሄድ አውሬ ለራሱ ሥቃይ፣ ለተኳሹም ነውር ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ርቀት ነው። ዝግተኛው አረር 100 ሜትር እስኪደርስ ድረስ ከአፈሙዙ አቅጣጫ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ የስፕሪንግፊልዱ አረር ግን በዚያው ርቀት የሚወርደው 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጸጥታን የመረጠ ሰው ወደ ዒላማው መቅረብና ርቀቱን አጥብቆ ማወቅ ይገባዋል። ደግሞም ጸጥ ያለ ጥይት ጉዳት የሌለበት አይደለም፤ ድምፁ ያልተሰማ አረር ከአውሬው አልፎ ሰው ወይም ከብት ሊመታ ስለሚችል፣ ከዒላማው ኋላ ያለውን ማየት ግዴታ ነው።

ማክሲም ዕቃውን ያቀረበው ጎረቤትን ሳይረብሹ ዒላማ ለመለማመድና ለአደን ነበር። ሕዝቡ ግን የነፍሰ ገዳይና በስውር የሚያድን ሰው መሣሪያ ይሆናል ብሎ ፈራ። አንዳንድ ግዛቶች ከለከሉት፤ በ1934 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ሕግ በእያንዳንዱ ማፈኛ ላይ የ200 ዶላር ግብር ጣለ፤ ይህም ከዕቃው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር። የማክሲም ኩባንያ ግን ያንኑ ዕውቀት ይዞ ወደ ሌላ ንግድ ዞሮ ነበር፤ የሞተርንና የፋብሪካን ጩኸት የሚያፍኑ መሣሪያዎችን እየሠራ ይሸጥ ጀመር። አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው የገባ ነጋዴ መሆኑን በዚህ አሳይቷል።

የሚያስገርመው፣ ጩኸትን በማፈን የታወቀው ይህ ሰው የሰውን ድምፅ ወደ ሩቅ ለማድረስም ደክሟል። በ1914 በራዲዮ ከሃርትፎርድ ወደ ስፕሪንግፊልድ መልእክት መላክ ቢያቅተው፣ በመካከል በሚገኝ በሌላ ራዲዮ ወዳድ አማካይነት አስተላለፈ። መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ሊሻገር እንደሚችል ከዚህ ተረድቶ፣ በዚያው ዓመት ከክላረንስ ተስካ ጋር የአሜሪካን የራዲዮ ወዳጆች ማኅበር አቋቋመ። በ1925 በፓሪስ ዓለም አቀፉ ማኅበር ሲመሠረትም ፕሬዚዳንት ሆነ።

በዕድሜው መጨረሻ ስለ አባቱ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1936 ታተመ፤ ትቶት የሄደውን አባት ያለ ቂም፣ በፈገግታ ተርኮታል። በዚያው ዓመት የካቲት 17 ቀን በመንገድ ላይ ሳለ በኮሎራዶ ግዛት በላ ሁንታ ከተማ በ66 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሜሪላንድም በሃገርስታውን ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ ዘመናት አልፈው በፊንላንድና በኖርዌይ አዳኞች ጆሮአቸውን ለመጠበቅ ማፈኛን የተለመደ ዕቃ አድርገውታል። አባቱ ከተኩስ የተነሣ የደነቆረበት ሰው የፈለሰፈው መሣሪያ ለሌሎች አባቶች ጆሮ መጠበቂያ ሆነ። የሠራውን ዕቃ ልክ አውቆ ከልኩ በላይ ያላሞገሰ ነጋዴ ስሙ ከዕቃው ይልቅ ይረዝማል።