ቤርታ ቤንዝና ወደ ትውልድ ከተማዋ ያደረገችው ጉዞ

ዛሬ አንድ ሰው ለበዓል ወይም ለዕረፍት መኪናውን አስነሥቶ ብቻውን ወደ ትውልድ አገሩ ቢሄድ የሚደነቅ ጎረቤት የለም። መንገዱ ተሠርቷል፤ ቤንዚን በየከተማው ይሸጣል፤ መኪናው ቢበላሽም የሚጠግን ሰው አይጠፋም። ይህ ሁሉ ባልነበረበት ዘመን ግን አንዲት የልጆች እናት ባሏን ሳታስፈቅድ እናቷን ለመጠየቅ በመኪና ተጉዛለች። የዚችን ሴት ታሪክ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባቢዎች በአጭሩ ለማቅረብ እወዳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቤርታ ሪንገር ሜይ 3 ቀን 1849 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን በባደን ግዛት ውስጥ በፎርትስሃይም ከተማ ተወለደች። ፎርትስሃይም በወርቅና በጌጣጌጥ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። አባቷ በአናጢነትና በቤት ሥራ የበለጸገ ሰው ነበር። ቤርታ ከልጅነቷ ጀምሮ የመሣሪያን አሠራር ማወቅ ትወድ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በር ለሴቶች ዝግ ስለ ነበረ በዚህ ትምህርት ልትገፋ አልቻለችም።

ያጫት ሰው ካርል ቤንዝ ይባል ነበር። ካርል የባቡር ነጂ ልጅ ሲሆን አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ በካርልስሩኸ ከተማ የመሐንዲስነት ትምህርት ተምሮ ነበር። በ1871 ዓ.ም. ከአንድ ሸሪክ ጋር በማንሃይም የብረት ሥራ ቤት ቢከፍትም ሸሪኩ የማይታመን ሆኖ ሥራው ሊፈርስ ተቃረበ። በዚህ ጊዜ ቤርታ ለመዳሪያዋ የተመደበላት ገንዘብ ከሠርጉ በፊት እንዲሰጣት አባቷን ለመነች። በዚያም ገንዘብ የሸሪኩ ድርሻ ተገዝቶ ሥራ ቤቱ ዳነ። ሁለቱ የተጋቡት በ1872 ዓ.ም. ነው።

ከብዙ ችግር በኋላ ካርል በቤንዚን ሞተር የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ሰረገላ ሠራ፤ ጃንዩወሪ 29 ቀን 1886 ዓ.ም. ባቀረበው ማመልከቻ በቍጥር 37435 የፈጠራ መብት ተሰጠው። በጽሑፉ ላይ የሰፈረው የባልየው ስም ብቻ ነው። ገዢ ግን አልተገኘም። ሰው ፈረስ በሌለው ሰረገላ አልተማመነም፤ ካርልም እጅግ ጠንቃቃ ስለ ነበረ ሰረገላውን ከማንሃይም አካባቢ አርቆ አልሞከረውም ነበር። የቤተ ሰቡ ሀብትና የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሥራ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ሊቀር ሆነ።

በ1888 ዓ.ም. በኦገስት ወር፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፣ ቤርታ አንድ ቀን በማለዳ ተነሣች። የ15 ዓመቱን ኦይገንንና የ13 ዓመቱን ሪቻርድን ይዛ፣ ባሏ ሳያውቅ በሰረገላው ወደ ፎርትስሃይም ጕዞ ጀመረች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ በጊዜው ከዚህ የሚስተካከል መንገድ በመኪና የሄደ ማንም አልነበረም።

በመንገድ ላይ ያልገጠማት ችግር የለም። ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት ውሃ እየተነነ ስለሚያልቅ በየመንደሩ ውሃ መጨመር ግድ ሆነ። ነዳጁም ሲያልቅ በቪስሎኽ ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሊግሮይን የሚባለውን ፈሳሽ ገዛች፤ ይህ በዚያ ዘመን የልብስ እድፍ ለማስለቀቅ የሚሸጥ ቀላል ቤንዚን ነው። ቤንዚን የሚለው ቃል ከቤንዝ ስም የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ካርል ቤንዝ ከመወለዱ በፊት የነበረ ነው። የነዳጁ ቧንቧ በተደፈነ ጊዜ በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ በተላጠ ጊዜ በካልሲዋ ማሰሪያ ሸፈነችው። ካቴናውን በብሩኽዛል ከተማ የሚኖር ቀጥቃጭ ጠገነላት። ዳገት ሲሆን ሞተሩ ስለማይችል ወርደው ገፉ። የፍሬኑ እንጨት ሲያልቅባትም በጫማ ሠፊ እጅ ቆዳ አስመታችበት።

ማታ ከእናቷ ከተማ ደረሰችና መግባቷን በቴሌግራም ለባሏ አስታወቀችው። ጥቂት ቀናት ከሰነበተች በኋላም ያንኑ ሰረገላ እየነዳች በሌላ መንገድ ተመለሰች።

ከዚህ ጉዞ የተገኘው ጥቅም ትልቅ ነበር። ሥራ ቤት ውስጥ ያልታየው ጕድለት በመንገድ ላይ ታየ። ካርል ለዳገት የሚረዳ ተጨማሪ ማርሽ አበጀ፤ ፍሬንን በቆዳ መሸፈንም ከዚያ ወዲህ የቀጠለ ሥራ ሆነ። በዚያው ዓመት ሰረገላው በሙኒክ በተደረገው ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ የቤንዝ ፋብሪካም ከጊዜ በኋላ በዓለም ከታወቁት አንዱ ለመሆን በቃ።

ካርል ቤንዝ በ1929 ዓ.ም. ሞተ። ቤርታ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። ሜይ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. 95 ዓመት ሲሞላት፣ ባሏ የተማረበት የካርልስሩኸ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር አባልነት ማዕርግ ሰጣት፤ ከሁለት ቀን በኋላም በላደንቡርግ ከተማ ዐረፈች። በወጣትነቷ በተማሪነት ልትገባበት ያልቻለችው ዓይነት ቤት በመጨረሻ ዕድሜዋ በክብር ተቀበላት ማለት ነው። በፌብሩወሪ 1945 ዓ.ም. የትውልድ ከተማዋ ፎርትስሃይም በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ሲፈርስ ቤርታ በሕይወት አልነበረችም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ያ የተጓዘችበት መንገድ በስሟ ተሰይሞ፣ ምልክት ቆሞለት፣ ብዙ መንገደኛ ይሄድበታል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ አንድን ነገር መፍጠር ብቻውን እንደማይበቃና ሥራውን አምኖ ወደ አደባባይ የሚያወጣው ሰው እንደሚያስፈልግ ነው። ካርል ሰረገላውን ሠራ፤ ቤርታ ደግሞ ገንዘቧን አስቀድማ ሰጠች፣ በኋላም ራሷንና ልጆቿን ይዛ በሰረገላው ሄደች። ሰረገላው መንገድ ላይ ቀርቶ ቢሆን መሳቂያ የምትሆነው እርሷ ነበረች። ለመማር የምትሻ ሴት ልጅ ያለቻቸው ወላጆችም ይህን ታሪክ ቢያስቡት መልካም ነው፤ የቤርታ ዕውቀት የትምህርት ቤት በር ተዘግቶበት እንኳ ይህን ያህል ከሠራ፣ በሩ ቢከፈትለት ምን ያህል ይሠራ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።