ከጥጥ እርሻ ወደ ሰማይ

በጊች ያደግን ሁሉ አንድ ነገር እናውቃለን፤ ከእሜት ጎጎ ገደል ጫፍ ላይ ስንቆም አሞራ የሚበረው ከእግራችን በታች ነው፤ ጀርባውን እናያለን። መንደሩ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ቢዛወርም ያ ትዝታ ከልባችን አልወጣም። ስለ ቤሲ ኮልማን ለመጻፍ ብዕር ያነሣነውም ከዚያው የተነሣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤሲ በ1892 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ አትላንታ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ የሰው መሬት እያረሱ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉ፣ 13 ልጆች ያፈሩ ድሆች ነበሩ። አባቷ በ1901 ቤተሰቡን ትቶ ሄደ። ልጅቱ ትምህርት ቤት በእግሯ እየተመላለሰች በሒሳብ ጎበዝ ወጣት፤ ጥጥ ሲደርስ ግን ደብተሩ ተዘግቶ ለቀማ ነው። በአጨዳ ጊዜ ከክፍል የቀረን እኛ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻንም። በኋላም ኮሌጅ ብትገባ ገንዘቧ ቶሎ አልቆ ተመለሰች።

በ1915 ቺካጎ ሄዳ በወንዶች ጸጉር ቤት ጥፍር እየሞረደች ትኖር ጀመር። ከጦርነት የተመለሰው ወንድሟ የፈረንሳይ ሴቶች አውሮፕላን እንደሚያበሩ እያነሣ ያሾፍባት ነበር። እርሷ ግን ቀልዱን ቁም ነገር አደረገችው። የአገሯ የበረራ ትምህርት ቤቶች ጥቁርም ሴትም ስለሆነች አልቀበልም ቢሏት፣ የቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት ፈረንሳይ እንድትሄድ መከራት። ቋንቋውን አጥንታ በ1920 መጨረሻ ባሕር ተሻገረች። አብሯት የሚማር ሰው ተከስክሶ ሲሞት በዓይኗ አየች፤ ትምህርቷን ግን አልተወችም። ጁን 15 ቀን 1921 የዓለም አቀፍ አብራሪነት ፈቃድ ተሰጣት። ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ናት።

ከዚያ በኋላ በትርኢት በረራ ታወቀች። በ1923 ወድቃ እግሯና የጎን አጥንቶቿ ተሰበሩ፤ ድና ተመልሳ በረረች። ባደገችበት በዋክሳሃቺ ትርኢት ሲዘጋጅ ጥቁሮች በሌላ በር እንዲገቡ ቢታሰብ፣ በሩ አንድ ካልሆነ አልበርም አለች። በሩ አንድ ሆነ፤ ውስጥ መቀመጫው ግን እንደተለያየ ቀረ። እኛ ግማሹ ድል ከምንም ይሻላል ባዮች ነን።

ዋናው ሐሳቧ ለወገኖቿ የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። ለዚህ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እየተናገረች ገንዘብ ታሰባስብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ድህነት አሮጌ አውሮፕላን አስገዛት። ኤፕሪል 30 ቀን 1926 በጃክሰንቪል፣ መካኒኳ ዊልያም ዊልስ እያበረረ፣ በማግስቱ በጃንጥላ የምትወርድበትን ሜዳ አጎንብሳ ለማየት ቀበቶዋን አላሰረችም ነበር። መፍቻ መሪው ውስጥ ተሰንቅሮ አውሮፕላኑ ተገለበጠ፤ እርሷ ከሰማይ ወደቀች፤ ዊልስም ተከስክሶ ሞተ። ዕድሜዋ 34 ነበር፤ ትምህርት ቤቱም አልተከፈተም።

በቺካጎ የነበሩ ጥቁር አብራሪዎች ግን ማኅበር መሥርተው በመቃብሯ ላይ እየበረሩ አበባ ይጥሉ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ሮቢንሰን በ1935 አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆነ። በዚያው ዘመን ሙሉእመቤት እምሩ የተባሉ ኢትዮጵያዊት በረራ እየተማሩ ሳለ የጣልያን ወረራ አቋረጣቸው። ሮቢንሰን ከድል በኋላ ተመልሶ የእኛን ልጆች በረራ አስተማረ፤ በ1954ም በአውሮፕላን አደጋ እዚሁ አዲስ አበባ ዐረፈ።