እቴጌ መነን አስፋው፦ በኀዘን መካከል የጸለዩ እናት

በማለዳ ከአያት ተነሥተው፣ በመገናኛና በስድስት ኪሎ አድርገው፣ ሽሮ ሜዳን አልፈው ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለጠበል የሚወጡ ብዙ ምእመናን እናውቃለን። ገሚሱ ሕመምተኛ ዘመዱን ደግፎ፣ ገሚሱ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ዳገቱን ይያያዘዋል። የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ከሚወርዱ እናቶችም ጋር በመንገድ ላይ ይተላለፋል። ከእነዚህ ተጓዦች መካከል ይህች ቤተ ክርስቲያን የማን ድካም እንዳለባት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአንድ ወቅት ከግል ገንዘባቸው አውጥተው ካሠሯቸው፣ ካሳደሷቸውና መተዳደሪያ ከሰጧቸው አብያተ ክርስቲያናት መካከል አንዷ አድርገው የያዟት እቴጌ መነን አስፋው ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የእኒህን እናት ሕይወት ልናስታውስ ወደድን። ዘውዳቸውን ብዙዎች ጽፈውበታል፤ እኛ ይበልጥ የምናተኩረው በእናትነታቸው ላይ ነው።

እቴጌ መነን የተወለዱት መጋቢት 25 ቀን 1883 ዓ.ም. በወሎ፣ በአምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ይባላሉ፤ ጃንጥራር የአምባሰል ገዥዎች የቆየ ማዕርግ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ። ደሴ ያደገ አንባቢ ስማቸውን በከተማዋ ከታወቀው ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው አስቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩ፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰሞን ክርስትና የተነሡ መኰንን ናቸው። ስለዚህ በእናታቸው ወገን ክርስትናው ገና የአያት ዘመን ነበር። ያም ሆኖ የልጅ ልጃቸው የዚህ እምነት ጽኑ ልጅ ሆነው አደጉ።

የወጣትነታቸውን ታሪክ ስንጽፍ ልናለባብሰው አንፈልግም። የመኳንንት ልጅ በዚያ ዘመን የምትዳረው ለወገኗ ጥቅም ነበርና፣ መነን ገና በልጅነታቸው ለወሎ መኳንንት ተዳሩ። ከሁለት ጋብቻ አራት ልጆች ወለዱ፤ ቀጥሎም ለሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ተሰጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕድሜያቸው ገና ሃያ ዓመት ነበር። ትዳርን በምሥጢረ ተክሊል ዓይን ለምናይ ለእኛ ይህ የሚከብድ ነገር ነው፤ ሸክሙ ግን መወሰን ባልተፈቀደላት ልጅ ላይ የሚጫን አይመስለንም።

በሐምሌ 1903 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዥ ለነበሩት ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተዳሩ። ይህም ጋብቻ በአጎታቸው በልጅ ኢያሱ ፈቃድ የተፈጸመ ነበር። አጎት ስንል አንባቢ እንዳይሳሳት፤ ልጅ ኢያሱ የወይዘሮ ስኂን ወንድም ይሁኑ እንጂ በዕድሜ ከእኅታቸው ልጅ ያንሱ ነበር። የሸዋንና የወሎን ቤት ያስተሳስራል ተብሎ የታሰበው ይህ ጋብቻ ቤቶቹን ለማስታረቅ አልቻለም። ተጋቢዎቹ ግን ሃምሳ ዓመት አብረው ኖሩ።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱና ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ንጉሥ ሚካኤልም የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ከወሎ ዘመቱ። መጀመሪያ በቶራ መስክ የገጠሟቸው ራስ ልዑልሰገድ ከነሠራዊታቸው አለቁ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ የተደረገው ታላቅ ጦርነት ደግሞ በሸዋ ድል ተፈጸመ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከወይዘሮ መነን ቤት ሆነህ ተመልከተው። የቀድሞ ባላቸውን የአያታቸው ሠራዊት ገደለ፤ አያታቸውን የባላቸው ወገን ማረከ፤ ከዙፋን የወረደው አጎታቸው ነው፣ ወደ ዙፋኑ የቀረበው ባላቸው ነው። ከሁለቱ ወገን የአንዱ ደስታ ለርሳቸው የሌላው መርዶ ነበር። ንጉሥ ሚካኤልም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ግዛታቸው ሳይመለሱ አረፉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ መነን የሕፃናት እናት ነበሩ፤ ኋላ አልጋ ወራሽ የሆኑት አስፋ ወሰን የተወለዱት ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1908 ዓ.ም. ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ባለቤታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ፣ እቴጌይቱም ከቀድሞው ልማድ በተለየ በዚያው ዕለት ዘውድ ጫኑ። ብዙም ሳይቆይ ከስድስት ኪሎ በላይ በስማቸው የሚጠራው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በደርግ ዘመን ስሙ የካቲት 12 ተብሎ ተለውጦ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ግን መነን ማለቱን አልተወም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጃገረዶች በአዳሪነት የተማሩበት ይህ ቤት ለእቴጌይቱ የክብር ስም ብቻ አልነበረም፤ እየተመላለሱ ይጎበኙት፣ በምረቃውም በዓል ይገኙ ነበር። ያለ ምርጫቸው በልጅነት ለተዳሩ እናት የሴት ልጅ ትምህርት ምን ማለት እንደነበረ ለመገመት አይከብደንም።

ቀጥሎ ስደት መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቤተሰቡ በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዚያም በእንግሊዝ መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከሃይፋ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአቤቱታ ወደ ጄኔቭ ሲያመሩ፣ መኖሪያቸው ደግሞ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሆነ። እቴጌይቱ ከስደቱ ዓመታት ብዙውን ጊዜ በቅድስት አገር አሳለፉ። በኢየሩሳሌም ያለችው የኢትዮጵያውያን ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በኪዳነ ምሕረት ስም የተሠራች ናት። በወረራው ጊዜ በቅድስት ከተማ የተጠለሉ ስደተኞች ከመነኮሳቱ ጋር የሚጸልዩት በዚያ ነበርና፣ እንጦጦን የናፈቀ ሁሉ የእንጦጦን ታቦት ስም በዚያ ያገኝ ነበር። እቴጌይቱ በፍልስጥኤም፣ በሶርያና በሊባኖስ ያሉትን ቅዱሳት መካናት እየዞሩ ለአገራቸው ነጻነት ለመኑ። በቤተ ልሔምም ስእለት ተሳሉ፤ ኢትዮጵያ ነጻ ብትወጣ የነገሡበትን ዘውድ ጌታ ለተወለደበት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ።

የስደቱ ዘመን በጸሎት ብቻ ያለፈ እንዳይመስለን። በየካቲት 1929 ዓ.ም. የልጃቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት ራስ ደስታ ዳምጠው በጣልያኖች እጅ ተገደሉ። ተናኘወርቅ ከስድስት ልጆች ጋር መበለት ሆነው በእናታቸው ጥላ ሥር ቀሩ፤ እቴጌይቱም የልጅ ልጆቻቸውን አባት መርዶ በባዕድ አገር ተቀመጡ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ደግሞ ተማርከው በተወሰዱበት በኢጣልያ አረፉ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ተመለሰ፤ ዘውዱም ስእለቱ በሚያዝዘው መሠረት ወደ ቤተ ልሔም ተላከ። ለወደፊት እቴጌዎች ተብሎ በአምሳያው ሌላ ተሠራ፤ የመጀመሪያው ግን አልተመለሰም። ስእለታቸውን በቤት ውስጥ በሚቀር ነገር የሚለውጡ ብዙ ሰዎች ስለምናውቅ ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም።

ለእናት ልብ ግን ከባዱ ጊዜ ገና አላለፈም። ልጃቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ከወረራው በፊት ገና በለጋ ዕድሜያቸው በትዳር በሄዱበት በመቀሌ አርፈው ነበር። ከስደት መልስ ደግሞ የልዕልት ፀሐይ ኀዘን መጣ። ፀሐይ በለንደን የነርስነት ሙያ የተማሩ፣ ከተማይቱ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቁስለኞችን ያስታመሙ ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሙያቸውን ለሕዝባቸው ሊያውሉ ሲሉ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወሊድ ምክንያት በሃያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። በስማቸው የቆመው የመታሰቢያ ሆስፒታል አሁን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ የሐረሩ መስፍን ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከወለዷቸው ስድስት ልጆች ሦስቱን በሕይወት ሳሉ ቀበሩ። በሰበካችን ልጅ የቀበሩ እናቶችን ስናጽናና ቃል የሚያጥረን እኛ፣ እኒህ እናት ይህን ሦስት ጊዜ እንዴት እንደተሸከሙት ስናስብ ዝም እንላለን።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እጃቸው አልታጠፈም። የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር፣ ቀይ መስቀል፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎችን የሚረዳው ማኅበር ጠባቂያቸው አድርገዋቸው ነበር። እርግጥ ነው ሀብታም ነበሩ፤ ሰፊ ርስትም ነበራቸው፤ የዚያ ዘመን የመሬት ሥርዓት ስንቱን ገበሬ እንዳስለቀሰ አንዘነጋም። ከሀብታቸው የወጣው ግን በድንጋይና በኖራ የሚታይ ነው። በመርካቶ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን (በእንጦጦ ካለው ራጉኤል ጋር አያምታታ) አንዱ ነው። በዮርዳኖስ ዳር የሠሩት የቅድስት ሥላሴ ገዳም ሌላው ነው። ይህ ገዳም ከ1959ኙ የእስራኤልና የዐረቦች ጦርነት ወዲህ በፈንጂ በታጠረ ምድር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ፣ ፈንጂው መነቀል የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ለአክሱም ጽዮን አዲስ ሕንፃም ብዙ ሰጥተዋል፤ ፍጻሜውን ግን ለማየት አልበቁም።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ተነሣ። እቴጌይቱ በአዲስ አበባ ነበሩ። የአባትን መንግሥት መሻር የሚያውጀው መግለጫ በሬድዮ ሲነበብ፣ የተሰማው የልጃቸው የአልጋ ወራሹ ድምፅ ነበር። ተገደው ነው ወይስ ወድደው የሚለውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወዋለን። በባልና በልጅ መካከል የቆመች እናት ግን በወጣትነቷ በአያትና በባል መካከል እንደ ቆመች እናስታውሳለን።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ፤ ልጆቻቸው ባረፉበት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ምድር ቤትም ተቀበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተወልድ ስለ ደግነታቸውና ስለ ጸሎታቸው ተናገሩ። በሠልስቱ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተነሥተው፣ አብረው በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ በመካከላቸው ሽማግሌ ገብቶ እንደማያውቅ መሰከሩ። ባልና ሚስትን ስናስታርቅ ለምናመሽ ካህናት ይህ ምስክርነት ቀላል አይደለም። ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ የመጨረሻ ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ እናታቸውን ተከተሉ። ይህን መርዶ እንኳ እቴጌይቱ ሳይሰሙት ቀሩ፤ በ1967 ዓ.ም. የልጅ ልጆቻቸው ከእናታቸው ከተናኘወርቅ ጋር ወኅኒ ሲወርዱም አላዩም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ካቴድራል የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

እቴጌይቱ ባረፉ በስምንተኛው ቀን የካቲት 16 ነበር፤ በግእዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊካውያንም የምናከብረው የኪዳነ ምሕረት በዓል። በየዓመቱ በዚያ ቀን የእንጦጦው ዳገት ገና ሌሊት በነጠላ ነጭ ይሆናል። ከአያት የመጣችው አሮጊት የልጅ ልጇን ክንድ ይዛ እያረፈች ትወጣለች፤ ጠበሉ ዘንድ ስትደርስም ጀሪካኗን ለልጁ ሰጥታ፣ ለሞቱትም ላሉትም ስም እየጠራች ትጸልያለች።